ሰርቨራችን ከክረምቱ በኋላ አልነሣም አለ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ የትምህርት ቤታችንን ኮምፒውተሮችም የምይዘው እኔ ነኝ። የተማሪዎች ውጤት የተቀመጠበት የቆየ ሰርቨር ክረምቱን በሙሉ ከመብራት ተነቅሎ ከርሟል። ትናንት ሳበራው ማራገቢያው ይዞራል፣ የሁለቱም ዲስኮች መብራት ይበራል፤ ከዚያ ግን ቡት የሚያደርግበት (ዊንዶውስን የሚያስነሣበት) ዲስክ እንዳላገኘ ጽፎ ይቆማል። ቀኑም ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ያለው ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር 2 ነው፤ የጫነልን ባለሙያ አሁን የለም። ሰኞ ምዝገባ ነው። እንደገና ልጫነው?

መልስ 1፦ እኅቴ፣ እባክሽ አትጫኚው! የቀኑ ወደ ኋላ መሄድ ነገሩን ይናገራል፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል ክብ ባትሪ አልቃለች። በቆዩ ማሽኖች እርሷ ስታልቅ ከሰዓቱ ጋር የባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ቅንብርም ፋብሪካው ወደ ሰጠው ይመለሳል። ማሽኑ ሲነሣ፣ ዴል ከሆነ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ፕሮላያንት ከሆነ ኤፍ 9 ተጫኚና ቡት ሞዱን (የአነሣሡን ሁነታ) ተመልከቺ። ባዮስ ከሚባለው ከቆየው ሁነታ ወደ አዲሱ ወደ ዩኢኤፍአይ ተቀይሮ ይሆናል።

መልስ 2፦ ከተቀየረ እዚያው ይቆይ፤ የዲስኩን አከፋፈል ከቆየው ከኤምቢአር ዩኢኤፍአይ ወደሚፈልገው ወደ ጂፒቲ መለወጥ ነው። ከ2 ቴራባይት ለሚበልጥ ዲስክም የሚሆነው ጂፒቲ ነው።

መልስ 3፦ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ሌላ ቅጂ የሌለው የልጆች ውጤት ያለበትን ዲስክ እንዴት ይነካኩታል? ዊንዶውስ የሚነሣው በተጫነበት ሁነታ ነው፤ ስለዚህ ቅንብሩን ወደ ባዮስ ይመልሱት። ሁለቱ ዲስኮች በሬይድ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ በሚያሠራው ዘዴ) የተጣመሩ ከሆነ ደግሞ የሳታው (የዲስኮቹ መገናኛ) ሁነታ ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ፣ ዲስኮቹን ለየብቻ ወደሚያሳየው፣ እንዳልተለወጠ ይዩ። የሬይዱ ገጽ ዲስኮቹን «ፎሪን» (ባዕድ) ካላቸው «ክሊር» (አጥፋ) የሚለውን እንዳይጫኑ አደራ፤ የጥምረቱን መረጃ ያጠፋዋል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባትሪዋ ስትለካ 1.9 ቮልት ናት፤ የአዲስ 3 ነው። በአዲስ ተካኋት። ቡት ሞዱ በእርግጥም ዩኢኤፍአይ ላይ ነበር። ወደ ባዮስ ስመልሰው የዊንዶውስ ምልክት ታየና ወዲያው ሰማያዊ ገጽ ወጥቶ ጠፋ። ልቤ ቀጥ አለ። ሳታውን ስመለከት ኤኤችሲአይ ይላል፤ ሬይድ አደረግሁት፣ ተነሣ! አሁን ግን መምህራኑ ከየክፍላቸው ኮምፒውተር በስማቸው መግባት አልቻሉም። ቀኑን አስተካክያለሁ።

መልስ 1፦ ሰዓቱንስ? በዶሜይን (ሰርቨሩ ስምን አረጋግጦ በሚያስገባበት መረብ) የሰርቨሩና የሌሎቹ ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ አያስገባም። የእኛ የጠዋቱ 3 ሰዓት በማሽኑ አቆጣጠር 9 ነው።

ጠያቂ፦ 3 ብዬ ነበር ያስገባሁት። አረምሁት፤ ሁሉም ገቡ። የቅንብሩን ገጾች አንድ በአንድ ፎቶ አንሥቻለሁ፤ ውጤቱም ወደ ውጭ ዲስክ እየተገለበጠ ነው፣ 40 በመቶ ደርሷል።