ስክሪን ለማስቀየር ፓስወርድ ለምን ይጠየቃል?

የቆጪ ልጅ፦
ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንዲት እህታችን የጻፈችውን ብዙዎቻችሁ አንብባችኋል። ስልኳ ወድቆ ስክሪኑ ተሰነጠቀ። እዚሁ ጅማ መርካቶ ለጥገና ወስዳ ሰጠች። ፓስወርድ ሲጠይቋት ነገረቻቸው። ትንሽ ቆይቶ ቤት ውስጥ ከእህቶቿ ጋር ያለ ሂጃብ የተነሳችው ፎቶ የማታውቀው ሰው ስልክ ላይ ተገኘ። ይሄ ሳያንስ አንድ ሰው ከሥሯ «ንጹህ ሰው ስልኩ ቢታይ ምን ይጎዳዋል?» ብሎ መለሰላት፤ ስንቱ ደግሞ ላይክ አደረገለት። እኔን ይሄ ነገር አንገብግቦኛል። የሰው ስልክ የበረበረው ሰው ተረስቶ የተበረበረባት ልጅ ተከሳሽ ሆነች። አቋሜን ልናገር። ንግድ ቢሮ የጥገና ቤቶችን ፈቃድ ሲያድስ «ለስክሪን፣ ለባትሪና ለቻርጅ መሰኪያ ፓስወርድ መጠየቅ ክልክል ነው» የሚል ግዴታ ያስገባ። የሚቃወም ካለ ምክንያቱን ያምጣ።

የአባ ቡና ደጋፊ፦
ያንን መልስ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እደግመዋለሁ። በልጅቷ የደረሰው ያሳዝናል፤ ያደረገው ሰው ይቀጣ። ግን በአንድ ባለጌ ምክንያት ሕግ ይውጣ ማለት ማጋነን ነው። ስልካችን ውስጥ ምን አለ? የቤተሰብ ፎቶ፣ ቴሌግራም፣ የቡና ዋጋ የተጻጻፍንበት መልእክት። ለፋይዳ መታወቂያ ስንመዘገብ የአሥር ጣታችንን አሻራና የዓይናችንን ብሌን ሰጥተን ስናበቃ ለአንድ ጠጋኝ ፒን መንገር ምን አዲስ ነገር አለው? ንጹህ ሰው አይፈራም።

የጅረን እህት፦
ንጹህ ንጹህ አትበልብን ወንድሜ። እኔ ሂጃብ የምለብሰው ጥፋት ኖሮብኝ አይደለም። ማን እንደሚያየኝ የምወስነው እኔ ስለሆንኩ ነው። ከዚያች ልጅ የወሰዱባት ይሄንን ነው። አንተ ወንድ ነህ፤ ጋለሪህ ቢታይ ሰፈር ውስጥ ማንም አያነሳብህም። እሷ ግን ከቤት መውጣት አስጠልቷታል።

ሞባይል ሠሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ እንጀራዬ ይሄው ነው፤ መርካቶ ነው የምሠራው። አንዱ ባጠፋ ሁላችንም ሌባ ተባልን፤ ያማል። ለምን እንደምንጠይቅ ልንገራችሁ። ስክሪን ከቀየርኩ በኋላ ታቹ እስከ ጥጉ መሥራቱን፣ ማይኩን፣ ካሜራውን፣ የጆሮ ድምጹን ሳላይ ካስረከብኩ ደንበኛው ነገ ተመልሶ «ማይኩን ያበላሸኸው አንተ ነህ» ይለኛል። እኛ ጋ ይሄ የዕለት ተዕለት ጭቅጭቅ ነው። ሌላው ደግሞ ይብሳል። አንድ ልጅ መጥቶ «ፓተርኑን ረስቼዋለሁ፣ ፍላሽ አድርግልኝ፤ ያለውን ሁሉ አጥፍተህ ክፈትልኝ» ይላል። የራሱ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ስልኩ የተሰረቀ ሆኖ ሲገኝ ፖሊስ የሚይዘው እኔን ነው። ፓስወርድ አትጠይቅ ካላችሁኝ ሌባውን ከባለቤቱ በምን ልለየው?

የቆጪ ልጅ፦
የተሰረቀ ስልክ ያልከው ትክክል ነው። ግን ከፍቶ ማሳየት ሌላ፣ ፓስወርድ ሰጥቶ መሄድ ሌላ። ባለቤቱ ፊትህ በጣቱ ይክፈተው፣ አንተም እመን፣ እሱም ይዝጋው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ምን ታደርግበታለህ? ጥገና ቤት የገባ ሰው ሁሉ የሚያየውን ልንገርህ። ጠረጴዛው ላይ ስልኮች ተደርድረዋል። ጀርባቸው ላይ ነጭ ፕላስተር አለ። ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ ስም፣ ከስሙ ሥር ፒኑ። ፓተርን ከሆነ ዘጠኝ ነጥብ ይሳልና መስመሩ ይሰመርበታል። ተለማማጁ ያነበዋል፤ ሻይ ያመጣችው ልጅ ታነበዋለች፤ ኢርፎን ሊገዛ የቆመውም ያነበዋል። ጣሪያህን ሊጠግን ለመጣ ሰው የሳጥንህን ቁልፍ ትሰጠዋለህ?

ሞባይል ሠሪ፦
ጣሪያና ስልክ ምን አገናኘው? ጣሪያ ጠጋኝ ሳጥኑ ይሠራል አይሠራም ተብሎ አይጠየቅም። እኔ ግን እጠየቃለሁ።

ኪቶ ፉርዲሳ፦
የቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ፤ በፍተሻው ጉዳይ ልግባ። አብዛኛው ያለ ፓስወርድ ይሠራል። ካሜራ ስልኩ ተቆልፎ እያለ ይከፈታል፤ የፊቱም የኋላውም። ለማይክና ለድምጽ የራስህን ሲም አስገባና ከሌላ ስልክ ደውልለት፤ የተቆለፈ ስልክ ጥሪ ያነሳል። አንስተህ ጆሮህ ላይ ስታስጠጋው ስክሪኑ ከጠፋ ሴንሰሩም ደህና ነው ማለት ነው። ታቹን የፒን ማስገቢያው ላይና ማሳወቂያውን ወደ ታች በመጎተት ታየዋለህ። የሚቀርህ የጣት አሻራው ነው፤ እሱን ደግሞ ባለቤቱ ሳይኖር ብትፈልግም አትችልም።

ሳምሰንግ የያዛችሁ ደግሞ ሴቲንግ ገብታችሁ ባትሪና ዲቫይስ ኬር የሚለው ሥር «ሜንተናንስ ሞድ» የሚል ታገኛላችሁ። እሱን አብርታችሁ ስትሰጡ ስልኩ ልክ አዲስ እንደተገዛ ሆኖ ይከፈታል። ፎቶ የለ፣ መልእክት የለ፣ ቴሌግራም የለ። ጠጋኙ የፈለገውን ይፈትሽ። ስትረከቡ በራሳችሁ ፒን ታጠፉታላችሁ፣ ሁሉም ባለበት ይጠብቃችኋል። የጎግል ፒክስልም በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ ላይ ተመሳሳይ ነገር አስገብቷል። ጠጋኝ የሰው ፋይል ማየት የግድ ቢያስፈልገው ኖሮ ኩባንያዎቹ ይሄን ለምን ይሠሩት ነበር?

የጅረን እህት፦
ጥሩ መረጃ ነው፣ ግን አንድ ነገር ዘለልክ። ስክሪኑ ጥቁር ብሎ ወይም ታቹ እምቢ ብሎ እኮ ነው ሰው ጠጋኝ ጋ የሚሄደው። ሴቲንግ በምን ልግባ?

ኪቶ ፉርዲሳ፦
ምስሉ የሚታይ ከሆነ በኦቲጂ፣ ማለትም ዩኤስቢን ከስልክ በሚያገናኘው ትንሽ መሰኪያ፣ ማውዝ ሰክተሽ ትገቢያለሽ። ጭራሽ ከጠቆረ ግን አይሆንም፤ እውነትሽን ነው።

ሞባይል ሠሪ፦
እኔ ጋ የሚመጣው አብዛኛው ቴክኖና አይቴል ነው፤ የቆየ ሞዴል። ያልከው ነገር እነዚያ ላይ የለም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሆኖ ማውራት ቀላል ነው ኦቦሌሶ።

የአባ ቡና ደጋፊ፦
ቴክኖ ካነሳን አይቀር እናንተ የምትፈሩት ጠጋኙን ነው። በ2020 በፈረንጆቹ ቴክኖ ደብሊው 2 የሚባለው ስልክ ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ ቫይረስ ተጭኖበት ተገኘ፤ ባለቤቱ ሳያውቅ አገልግሎት እያስመዘገበ ካርድ ይበላ ነበር። ከተገኘባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ኩባንያው ሲጠየቅ በአቅርቦቱ መሃል ያለ ሌላ አካል ነው ያስገባው አለ። ታዲያ ሌባው ከፋብሪካ አብሮ ከመጣ ጠጋኙን ብቻ ማሳደድ ፍትሕ ነው?

የቆጪ ልጅ፦
ይሄ የኔን ክርክር ነው የሚያጠናክረው! ካርዳቸው የተበላባቸው ሰዎች ምን አጥፍተው ነበር? ስልክ ገዙ፣ አለቀ። ንጹህ መሆናቸው አላዳናቸውም። አንተ ራስህ ያመጣኸው ምሳሌ «ንጹህ ሰው አይፈራም» የሚለውን አፈረሰው።

ሲኒማ ወዳጅ፦
ማይኖሪቲ ሪፖርት የሚለውን ፊልም ያያችሁ? ስቲቨን ስፒልበርግ በፈረንጆቹ 2002 የሠራው፣ ቶም ክሩዝ ያለበት። ሰውየው ወንጀል ሳይፈጸም አስቀድሞ የሚይዝ የፖሊስ ክፍል አለቃ ነው። እንደ ወንድማችን ንጹህ ሰው አይፈራም ብሎ የሚያምን፣ በሥርዓቱ የሚምል ሰው። አንድ ቀን ማሽኑ የእሱን ስም ያወጣል፤ ገዳይ ትሆናለህ ይለዋል። ከዚያ ወዲያ መደበቂያ የለውም፤ በየመንገዱ ማስታወቂያው ሳይቀር ዓይኑን አንብቦ በስሙ ይጠራዋል። ለማምለጥ ዓይኑን አስወጥቶ የሌላ ሰው ዓይን ያስገባል። ልብስ መደብር ሲገባ ማሽኑ «እንኳን ደህና መጡ ሚስተር ያካሞቶ» ይለዋል። ማሽኑ የሚያውቀው ዓይኑን ነው፣ ሰውየው ማን እንደሆነ ግድ የለውም። ፒን ከታወቀብህ ትቀይረዋለህ። ዓይንህን ምን ታደርገዋለህ?

የአባ ቡና ደጋፊ፦
የፊልሙ ታሪክ ከሚፈጸምበት ከ2054 ዋሽንግተን ተነስተህ መርካቶ ጥገና ቤት እንዴት ደረስክ? ፊልም ፊልም ነው። ደግሞ የፊልሙ ጭብጥ ዓይን አይደለም፤ ወደፊት የሚሆነው ነገር አስቀድሞ የተወሰነ ነው ወይስ ሰው መምረጥ ይችላል የሚል ነው። ዓይኑ ለድርጊቱ ማጣፈጫ ነው።

ሲኒማ ወዳጅ፦
ማጣፈጫ አይደለም። ስፒልበርግ ፊልሙን ከመሥራቱ በፊት ቴክኖሎጂው ወዴት እንደሚሄድ ባለሙያዎች ሰብስቦ አማክሯል። ስልክ በፊት ሲከፈትና ማስታወቂያ ሰው እየለየ ሲመጣ ያየ ትውልድ ይሄን ማጣፈጫ ማለት የለበትም። እንዲህ ዓይነት ፊልም የምወደው ገና ያልመጣብንን ነገር አስቀድሞ ስለሚያሳየን ነው።

ኑሮ በአዌይቱ፦
ፋይዳን ከዚህ ጋር አታምታቱብን። እናቴ ዕድሜ ልኳን የቀበሌ መታወቂያ ሲጠፋባት ስትመላለስ ኖራ አሁን በአንድ ቁጥር ባንክ ትስተናገዳለች። እሱ ሕግ አለው፤ አዋጅ 1284/2015። ጠጋኙ ፕላስተር ላይ የሚጽፈው ፒን ምን ሕግ አለው? ልዩነቱ እሱ ነው።

የቆጪ ልጅ፦
በዚህ ተስማምተናል። የአባ ቡናው ወንድሜ ግን አንድ ጥያቄ መልስልኝ። የስልክህን ፒን ባለቤትህ ታውቀዋለች?

የአባ ቡና ደጋፊ፦
ትዳሬን እዚህ ምን አመጣው? ሥነ ሥርዓት ያዝ።

የጅረን እህት፦
መልሱን ሰጠኸን። አብራህ ለምትኖረው ሴት የማትነግረውን ቁጥር የማታውቀው ሱቅ ጠረጴዛ ላይ ተጽፎ ይደር ትላለህ። ለራስህ ሲሆን መምረጥ ትፈልጋለህ ማለት ነው። ልጅቷም የጠየቀችው ያንኑ ነው።

የአባ ቡና ደጋፊ፦
አላልኩም! አታውቀውም ብያለሁ? አፌ ውስጥ ቃል አትጨምሩ። አድሚን የት ሄደ?

አድሚን፦
የሰው ቤት ውስጥ አትግቡ። በቤተሰብ ጉዳይ ቀጣዩን የሚጽፍ ይወገዳል።

ጡረተኛ መምህር፦
ልጆቼ፣ አዲስ ሕግ ከመጠየቃችሁ በፊት ያለውን ብታውቁት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ የምንለዋወጠውንም ጨምሮ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ደግሞ በአንቀጽ 3 ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒዩተር ውስጥ መግባትን ወንጀል ያደርጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016ም ወጥቷል። ስክሪን እንዲቀይር የተፈቀደለት ሰው ጋለሪ እንዲከፍት አልተፈቀደለትም። እንደኔ እንደኔ ልጅቷ መክሰስ ትችላለች።

ሞባይል ሠሪ፦
ጋሼ፣ የእርስዎን አከብራለሁ። ግን አዋጁን የሚያውቅ ጠጋኝ ስንት አለ? የሚያውቅ ደንበኛስ?

ጡረተኛ መምህር፦
ለዚህ ነው የጻፍኩልህ ልጄ። አትመህ ሱቅህ ግድግዳ ላይ ለጥፈው።

ኪቶ ፉርዲሳ፦
ይሄ የጅማ ችግር ብቻ አይደለም፤ ማንም እንደ ስድብ አይውሰደው። ካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2022 ይፋ ባደረጉት ጥናት የሚደረገውን ሁሉ የሚመዘግቡ ላፕቶፖች አዘጋጅተው 16 ጥገና ቤቶች ሰጥተው ነበር። 6ቱ ጋ የባለቤቱን ፋይል ከፍተው አይተዋል፤ ከእነዚያ ውስጥ 2ቱ ቀድተው ወስደዋል። አሜሪካ ኦሪገን ውስጥም አንዲት ተማሪ በፈረንጆቹ 2016 አይፎኗን ለጥገና ልካ የአፕል ተቋራጭ የሆነ ድርጅት ሠራተኞች የግል ፎቶዋን በራሷ ፌስቡክ ላይ ለጠፉት፤ አፕል ከፍተኛ ገንዘብ ከፍሏታል። ትልቁ ኩባንያ ካልቻለ እኛ ጋ «አምናችሁ ስጡ» ማለት አይበቃም።

ሞባይል ሠሪ፦
እሺ፣ ልስማማ። ስክሪንና ባትሪ የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቅ፣ ራሱ ይክፈት፣ ራሱ ይዝጋ። ከነገ ጀምሮ አደርገዋለሁ። ግን ውሃ የገባበት ስልክ አለ፤ ቦርድ የሚሠራ አለ፤ እሱ ሱቅ ያድራል። ባለቤቱ ከወረዳ መጥቶ ከሆነ ሰጥቶኝ ይሄዳል። እሱንስ?

የጅረን እህት፦
የልጅቷም ስልክ ሱቅ ያደረ ነው። ያ የተበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

የቆጪ ልጅ፦
ለሚያድር ስልክ ደረሰኝ ይሰጥ። ማን እንደተረከበ፣ ምን እንዲሠራ፣ ፓስወርድ ተሰጥቶ ከሆነ ለማን። ሲምና ሚሞሪ ካርድ ለባለቤቱ ይመለስ፤ ሲሙ እጁ ላይ ካለ ቢያንስ በመልእክት የሚመጣ ኮድ ሌላ ሰው አያየውም።

ሞባይል ሠሪ፦
ደረሰኙ ላይ ስሜ ተጽፎ ተለማማጁ ቢያጠፋ እኔ ልታሰር?

የቆጪ ልጅ፦
አዎ፣ ቢያንስ ትጠየቃለህ። ሱቁ ያንተ ነው፤ ገንዘቡንም የምትቀበለው አንተ ነህ።

ሞባይል ሠሪ፦
በዚህ አልስማማም። ሰው ልብ ውስጥ ገብቼ አላይም።

የአባ ቡና ደጋፊ፦
ይኸው፣ ሁሉን ጠጋኝ አሸማቃችሁ ሱቁን ታዘጉና ለአንድ ስክሪን አዲስ አበባ እንድንሄድ ታደርጉናላችሁ። እኔ አሁንም በአቋሜ ነኝ።

የጅረን እህት፦
ኑር በአቋምህ። ልጅቷን ዛሬ አግኝቻታለሁ፤ ነገ ጠዋት አብረን ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን። መምህር፣ የአዋጆቹን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌያቸዋለሁ፣ እግዜር ይስጥልን። እዚህ ግሩፕ ውስጥ ጠበቃ የሆነ ወይም የሚያውቅ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ፎቶው የደረሰው ሰው ካለም ለማንም ሳያስተላልፍ አሁኑኑ ያጥፋው።