23ኛ ቀን ሞላው፣ ናይትራይቱ አልወርድ አለኝ (ደብረ ብርሃን)

የጠባሴው
ሰላም ለሁላችሁም። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው የምኖረው። 120 ሊትር የጨው ውሃ አኳሪየም ካቆምኩ ዛሬ 23ኛ ቀኔ ነው። ጨዉን እህቴ ከዱባይ ይዛልኝ መጣች፤ 4 ኪሎ ተኩል ያህል ገባበት፣ የጨው መለኪያው (ሪፍራክቶሜትሩ) በሺህ 35 ያሳያል። ድንጋዩ ደረቅ ነው፤ ባክቴሪያ ያለበት ላይቭ ሮክ አላገኘሁም። ዓሣ እስካሁን አልገባም፤ መጀመሪያ ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያ የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ (ሳይክል የሚባለው) እየጠበቅኩ ነው። ለባክቴሪያው ምግብ ሦስት አራተኛ ግራም አሞኒየም ክሎራይድ ጨምሬ አሞኒያውን 2 ፒፒኤም (በሊትር 2 ሚሊ ግራም ገደማ) አደረስኩት፤ በወረደ ቁጥር ደግሞ እጨምራለሁ።

አሞኒያው አሁን በሦስት ቀን ወደ 0.25 ይወርዳል። ባክቴሪያው ከአሞኒያው የሚያወጣው ናይትራይት ግን ያው ነው። የመመርመሪያውን አምስት ጠብታ ሳንጠባጥብበት ብልቃጡ ገና ሳይነቀነቅ ጥቁር ሐምራዊ ይሆናል፤ የቀለም ማነጻጸሪያ ካርዱ ላይ ካለው የመጨረሻ ቀለም ያልፋል።

ማሞቂያው ባለ 100 ዋት ነው፤ 26 ላይ አድርጌዋለሁ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ስለካው ግን 20 ነው። ኅዳር ነው፣ ሣሩ ላይ ውርጭ እያደረ ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሌሊት መብራት ጠፍቶ 17 ደርሷል።

አምስት ዓመት የሞላት ልጄ በየጠዋቱ ገንዳው አጠገብ ቆማ «ዛሬ ይመጣሉ?» ትለኛለች። ገንዳውን የሸጠልኝ ሰው ደግሞ «ሁለት ርካሽ ዓሣ ክተትበት፣ ይፈጥንልሃል» አለኝ። ለሙከራ ተብሎ የሚሞት ዓሣ ልጄ ፊት ማስገባት አልፈልግም። ሳይክሉ ቆሟል ማለት ነው?

ቦሌ ሪፍ
ወንድሜ፣ ዓሣ አለማስገባትህ ትክክል ነው፤ በዚህ ማንም አይገፋፋህ። የጨው ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 8.2 አካባቢ ስለሆነ፣ ፒኤች ከፍ ሲል ደግሞ አሞኒያ መርዝነቱ ስለሚብስ፣ ትንሿ አሞኒያ ራሷ ጉሮሮ ታቃጥላለች፣ ማለቴ የዓሣውን ስንጥብ።

ሳይክልህ አልቆመም፤ በርዶታል። እኔ ያደግኩት ደብረ ሲና ነው፤ እናቴ በኅዳር ሊጡን ከምድጃው አጠገብ ካላስጠጋችው በሦስተኛውም ቀን አይቦካም ነበር። ያንተም ነገር እንደዚያው ነው። የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች ናቸው፦ የመጀመሪያው አሞኒያውን በልቶ ናይትራይት ያወጣል፣ ሁለተኛው ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጣል። ሁለተኛው ምግቡን የሚጠብቀው ከመጀመሪያው ነው፣ ሲራባም ዝግ ይላል። በ26 ዲግሪ እንኳ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ አንተ ጋ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ይወስደዋል።

100 ዋት ለ120 ሊትር የሚበቃው ክፍሉ ራሱ 20 ዲግሪ ከሆነ ነው። ባለ 200 ዋት ጨምርበት፣ አሮጌውንም አታውጣው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያቆየዋል። መብራት ሲጠፋ ጎኖቹን በብርድ ልብስ ጠቅልል (የብርድ ልብስ ከተማ ውስጥ ሆነህ ይህ አያስቸግርህም)። ላዩን ግን አትክደነው፤ አየር ይፈልጋል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ካገኘህ ከማሞቂያውም በፊት ግዛው።

ኬሚስት ከሸዋ ሮቢት
የእኔ ችግር ተቃራኒው ነው፣ እዚህ ቆላ ውሃው 30 እንዳያልፍ ማራገቢያ እተክላለሁ። ስለዚህ ሙቀቱን ትቼ ስለ ኬሚስትሪው ልናገር።

አሞኒያ መጨመሩን አቁም። ደጋግመህ ስትጨምር ናይትራይቱ ተከማችቷል፣ ካርዱ ደግሞ ከ5 በላይ አይለይልህም። በሲሪንጅ ግማሽ ሚሊ ሊትር የገንዳ ውሃ ወስደህ በ4 ሚሊ ሊትር ተኩል ዲስትልድ ውሃ አቅጥነው፣ የተነበበውን በ10 አባዛ። ያኔ እየወረደ መሆን አለመሆኑን ታውቃለህ። ናይትራይት እስካለ ድረስ የናይትሬት ምርመራህንም አትመን፤ ያሳስተዋል።

ሁለተኛ፣ ደረቅ ድንጋይና ንጹሕ አሞኒየም ክሎራይድ ብቻ ካለ ፎስፌት የለም፤ ባክቴሪያው ያለ ፎስፌት አይራባም። ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣልበት፣ በቂ ነው።

ሌላው ደግሞ ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ባሕር ዳርቻ ላይ በ25 ዲግሪ ሊትር የጨው ውሃ 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ እናንተ ጋ ወደ 5 ይጠጋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ደግሞ ኦክስጅን አብዝተው ነው የሚፈልጉት። የፓምፑን አፍ ወደ ላይ አዙረው፣ የውሃው ፊት ይንቀጥቀጥ።

መንዜው
ይቅርታ፣ በዚሁ ልጠይቅ። ከዱባይ ከማስመጣት የአፋር ጨው ቢሟሟስ?

ኬሚስት ከሸዋ ሮቢት
አይሆንም ወንድሜ። እሱ ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 1.3 ግራም ገደማ ማግኒዥየም፣ 0.4 ግራም ካልሲየም አለው፤ ፒኤቹን የሚይዘው ካርቦኔትም አለ። ለወጥ የሚሆን ለዓሣ አይሆንም።

የጠባሴው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ 41ኛ ቀን ነው። ባለ 200 ዋቱ ገባ፣ ጠዋት 26 ነው። አቅጥኜ ስለካው ናይትራይቱ 20 ሆኖ ተገኘ፤ አሞኒያ መጨመር አቁሜ የዓሣ ምግቡን ጣልኩበት። እስከ 35ኛው ቀን ምንም አልተለወጠም፤ በ38ኛው ጠዋት ግን ልጄ ብልቃጡን ይዛ «አባ፣ ሰማያዊ ሆነ!» አለችኝ። እውነትም እንደ ሰማይ ጠርቶ ነበር። ትናንት ማታ አሞኒያውን እንደገና 2 አደረስኩት፤ ዛሬ ማታ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ናቸው። ናይትሬቱ 80 ስለሆነ ነገ ግማሹን ውሃ እቀይራለሁ።

ቅዳሜ ሁለት ክላውንፊሽ ላመጣ አዲስ አበባ እወርዳለሁ። 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በምን ልያዛቸው?

ቦሌ ሪፍ
ሁለት ብቻ ማለትህ ጥሩ ነው፣ ሌላ ለአንድ ወር አትጨምር። ከረጢቱ ውሃው ሲሶ፣ ሌላው አየር ይሁን፤ ክዳን ባለው የፎም ሳጥን አድርገው። አጠገቡ ለብ ያለ ውሃ በሃይላንድ ሞልተህ በፎጣ ጠቅልለህ አስቀምጥ። ሸኖን ካለፍክ በኋላ ብርዱ ይጠነክራልና መስኮት አታስከፍት። ቤት ስትደርስ የከረጢቱን ጨው ለካ፤ ሱቆች ብዙ ጊዜ ዝቅ አድርገው ነው የሚይዙት። ከተለያየ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረግህ አንድ ሰዓት ያህል አላምዳቸው፣ መብራቱንም እስከ ማግስቱ አታብራ። ለልጅህም አስቀድመህ ንገራት፤ የመጀመሪያው ቀን ድንጋይ ሥር ተደብቀው ሊውሉ ይችላሉ።