ደንቡ ይሞከር ወይስ መጀመሪያ ሰው ይጠየቅ?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ፦ የከተማ ምክር ቤት የመኪና ማቆሚያና የትራፊክ ደንብ ሲቀይር ነዋሪውን አስቀድሞ ያወያይ? ወይስ በሙከራ አውጥቶ አስተያየት እየሰማ ያስተካክል? የሚሳደብ ይወጣል።

እግረኛው፦ ይሞከር ባይ ነኝ። ሰው ያላየውን ነገር ስትጠይቀው የሚመልስልህ ፍርሃቱን ነው። ስቶክሆልም እ.ኤ.አ. በ2006 መሀል ከተማ በሚገባና በሚወጣ መኪና ላይ ክፍያ ስትጥል ተቃዋሚው ይበዛ ነበር። ሰባት ወር ያህል ተሞከረ፤ ትራፊኩ 20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከዚያ በሕዝበ ውሳኔ የከተማዋ ነዋሪ በጠባብ ልዩነት «ይቀጥል» አለ።

መሪ ጨባጭ፦ ግማሹን ዋጥከው እኮ። በዙሪያዋ ካሉት አስተዳደሮች ድምፅ ያሰጡት አብዛኞቹ «አንፈልግም» ነበር ያሉት። ክፍያው ግን በ2007 ቋሚ ሆነ። በየቀኑ እየነዳ የሚገባው ያ የዳር ነዋሪ ነው!

ዕቃ አራጋፊ፦ እኔ ስለማውቀው ላውራ። «ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ማቆም ክልክል ነው» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። እኛ የምናራግፈው በዚያው ሰዓት ነው። ቦታው ተከለከለ ተብሎ ዕቃው አይቀርም። ሹፌሩ ሁለቱንም ፍሬቻ አብርቶ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ይቆማል፣ አውቶቡሱ ከኋላ ጡሩምባ ይነፋል፣ እኔ ካርቶን ተሸክሜ በመኪና መሀል እሹለከለካለሁ። ያረቀቀው ሰው አንድ ጠዋት ብቻ ቆሞ ቢያይ ኖሮ የማራገፊያ መስመር ያሰምር ነበር።

ባለ ልጆች፦ ማወያየቱም እኮ ለስም ነው የሚሆነው። ስብሰባው በሥራ ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ይጠራል፤ ማን ይመጣል? ፓሪስ በ2024 ክብደታቸው ከፍ ባለ የቤት መኪኖች (ኤስ.ዩ.ቪ) የማቆሚያ ክፍያ ላይ ድምፅ ስታሰጥ የወጣው መራጭ 6 በመቶ እንኳ አልሞላም።

የሕግ ሰው፦ እንግሊዝ ውስጥ ሁለቱም መንገድ በሕግ አለ። ለቋሚ ደንብ ምክር ቤቱ ረቂቁን በማስታወቂያ ያወጣል፤ ተቃዋሚ ቢያንስ 21 ቀን አለው። በሙከራው ደግሞ ደንቡ ቀድሞ ሥራ ላይ ይውላል፣ ተቃውሞ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ይሰማል፣ ከ18 ወር በላይ ግን በሙከራ ስም አይቆይም።

መሪ ጨባጭ፦ በወረቀት ያምራል። ብረት ተተክሎ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ካሜራ ተሰቅሎ፣ ቅጣት መግባት ከጀመረ በኋላ የትኛው ምክር ቤት ነው የሚያነሳው?

የሕግ ሰው፦ ስጋትህ ልክ ነው። ለዚህ ነው የስቶክሆልሙ የሚጠቀሰው፤ ሙከራው በሐምሌ ቆመ፣ ድምፅ የተሰጠው በመስከረም፣ ክፍያው በሌለበት ነው። ሲቆም መኪናው መልሶ በዛ፤ ሰዉ ሁለቱንም አይቶ መረጠ። የማብቂያው ቀንና የሚለካው ነገር አስቀድሞ ያልተጻፈበት ሙከራ፣ በእኔ እይታ፣ ቋሚ ደንብ ነው፤ ስሙን ነው የቀየረው።

ዕቃ አራጋፊ፦ ሲለካ የማራገፊያ ሰዓትም ይቆጠርልን።

መሪ ጨባጭ፦ እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ። ግን የመጀመሪያው ወር በማስጠንቀቂያ ብቻ ይለፍ።

እግረኛው፦ ያለ ቅጣት ማን ይታዘዝና ነው ውጤቱ የሚለካው?

መሪ ጨባጭ፦ ልኬቱ ከሁለተኛው ወር ይጀምራላ! ታፔላውን ገና ያላየ ሹፌር ተቀጥቶ ምን ልትለካበት ነው?