አላይመንት (የጎማዎችን አቅጣጫ ማስተካከል) በቤት ስሠራ ልኬቱ አልረጋ አለኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። መኪናዬ ቪትዝ ናት። የሁለቱም ወገን የታይሮድ (መሪውን ከፊት ጎማ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ጫፍ ከተቀየረ ወዲህ ወደ ቀኝ ትስባለች፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይም መሪው ጠመም ይላል። የፊት ጎማዎቹን ጥርስ በእጄ ስዳብስ ከውጭ ወደ ውስጥ ለስላሳ ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ ግን እንደ መጋዝ ይቧጥጣል። ስለዚህ ጎማዎቹ ከፊት በኩል ወደ ውስጥ የተጠጉ ይመስለኛል።

ግቢያችን ደልዳላ ሲሚንቶ ነው። በመኪናዋ ግራና ቀኝ ሲባጎ ወጥሬ፣ ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊትና የኋላ ጠርዝ በሚሊሜትር እለካለሁ። ከዚያ ዳዶውን አላልቼ ታይሮዱን በሁለቱም ወገን እኩል አዞራለሁ። የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። በክሪክ አንስቼ ሳወርዳት ልኬቱ ይለወጣል። ትንሽ ገፍቼ ስለካ ደግሞ ሌላ ቁጥር ይመጣል።

ጎማው ሲሚንቶውን ቆንጥጦ ይዞ ይሆን? ሁለት ላሜራ መሀሉን ግራሶ ቀብቼ ከጎማው ሥር ባደርግ ይሻላል? መሪውስ መሀል ላይ ታስሮ ነው የሚለካው? ካምበሩን (የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበትን) አልነካም። ልጆቼን የማመላልስባት መኪና ስለሆነች በግምት መተው አልፈልግም። በእጁ የሠራ ሰው ካለ፣ ቅደም ተከተሉን እባካችሁ ንገሩኝ።