«ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ስንል የሚሰማው ማነው?

ሰንበቴ፦
ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንዴት ሰነበታችሁ። እዚህ ቨርጂኒያ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አስተምራለሁ፣ አብዛኞቹ እዚሁ የተወለዱ ናቸው፣ አማርኛ ይሰማሉ ግን መናገር ላይ ይቸገራሉ። ባለፈው እሁድ ስብከቱ እንዳለቀ ሁሉም እንደለመደው «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» አለ፣ አንዷ ልጅ ታድያ ወደኔ ዞር ብላ «ቲቸር አሁን ሰማን አይደል እንዴ፣ ለምንድነው ደሞ ያሰማን የምንለው?» አለችኝ። ወላጆቹን ብጠይቅ ግማሹ «ሌላ ጊዜም እንዲህ ያሰማን ማለት ነው» አለኝ፣ ግማሹ «ለመምህሩ ምርቃት ነው» አለኝ። ለልጆቹ የማይሆን ነገር መንገር አልፈልግም፣ እባካችሁ የምታውቁ አስረዱኝ።

ወለላ፦
እኔ እንደሚመስለኝ ለኛ ነው። «ልን» ማለት ለኛ ማለት ነው አይደል? «ቡና አፍሊልን» ስንል ለኛ አፍዪ ነው። ስለዚህ ያሰማልን ማለት ለኛ ቃሉን ያሰማን፣ ቃሉ አይቋረጥብን ነው። ሰንበቴ የመጀመሪያዎቹ ወላጆች ልክ ናቸው እላለሁ።

ባለፊደል፦
ልጅቷን እግዜር ያሳድግልሽ ሰንበቴ፣ ትክክለኛውን ቦታ ነው የነካችው። ወለላ እህቴ «ልን» ለኛ ማለት ነው ያልሽው እውነት ነው ግን ይቺ «ል» ሁለት ሥራ ነው ያላት። አንዱ «ለጥቅሜ» ነው፣ ቡና አፍሊልን ያልሽው እዚህ ይገባል፣ ቡናውን የምንጠጣው እኛ ነን። ሁለተኛው «በኔ ፈንታ» ነው። ስልክ ልንዘጋ ስንል «ልጆቹን ሳምልኝ» እንላለን አይደል፣ የሚሳሙት ልጆቹ ናቸው፣ የሚስመው ያኛው ሰውዬ ነው፣ እኔ ሩቅ ነኝ አልደርስም፣ ስለዚህ በኔ ፈንታ ሳምልኝ ነው። «እማማን ሰላም በልልኝ» ም እንደዛው ነው።

አሁን ያሰማልንን እዪው። እኛን እንዲያሰማን ብንፈልግ «ያሰማን» ብለን እንጨርስ ነበር፣ ሙሉ አማርኛ ነው ምንም አይጎድለውም። «ያሰማልን» ስንል ግን የሚሰማው ሌላ ሰው ነው። እሱም አሁን ያስተማረን መምህር ነው። አንተ ለኛ ቃሉን አሰማኸን፣ እኛ ውለታህን የምንከፍልበት የለንም፣ እግዚአብሔር በኛ ፈንታ ላንተ ቃለ ሕይወትን ያሰማልን፣ ይሄ ነው ነገሩ። ልጅቷ «አሁን ሰማን አይደል እንዴ» ያለችው ልክ ነው፣ እኛማ ሰማን፣ አሁን ተራው የሱ ነው።

ወለላ፦
እሺ ጋሼ ግን እንዲህ ከሆነ መምህሩ የታለ ታድያ? ቃሉ ውስጥ «አንተን» የሚል የለም እኮ።

ባለፊደል፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። የአማርኛ ግስ መጨረሻው ላይ ይህን የመሰለ ቅጥያ አንድ ብቻ ነው የሚሸከመው። «ይስጥህ» ትያለሽ፣ «ይስጥልኝ» ትያለሽ፣ «ይስጥህልኝ» የሚል አማርኛ ግን የለም። ስለዚህ «ልኝ» ስትገባ «ህ» ትወጣለች፣ ተቀባዩ ከቃሉ ይወጣል ከትርጉሙ ግን አይወጣም። በየቀኑ የምንለውን «እግዜር ይስጥልኝ» እዪው። ማን ነው የሚሰጠው? እግዜር። ለማን? ላንቺ። «ልኝ» ምን ትሠራለች? እኔ መስጠት ስላልቻልኩ በኔ ፈንታ እሱ ይስጥልኝ። ለራሴ ስጠኝ ማለት ቢሆን ኖሮማ ውሃ ያጠጣን ሰው ፊት ቆመን ለራሳችን ተጨማሪ መለመን ይሆን ነበር። መልሱም ይሄንኑ ነው የሚያሳይሽ፣ የድሮ ሰው እግዜር ይስጥልኝ ሲባል «አብሮ ይስጠን» ይላል፣ ማለትም ለኔ ብቻ አይሁን ላንተም ይድረስ ነው፣ የመጀመሪያው ምርቃት ለመላሹ ባይሆን ኖሮ እንዲህ ተብሎ አይመለስም። «ጤና ይስጥልኝ» ም ከዚሁ ነው፣ ጤናው ላንቺ ነው።

በነገራችን ላይ ከላይ ለሰንበቴ «ያሳድግልሽ» ያልኩት የመጀመሪያው ዓይነት «ል» ነው፣ ልጅቷ አድጋ ደስታው ለሰንበቴ ነው። ሁለቱ ዓይነት እንዴት ጎን ለጎን እንደሚሄድ ማየት ከፈለጋችሁ ሙሉውን ምርቃት በሉት፣ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን፣ መንግሥተ ሰማያትን ያውርስልን፣ በዕድሜ በጸጋ ያቆይልን»። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በኛ ፈንታ ለሱ ይደረግለት ናቸው። «ያቆይልን» ግን እንዳይለየን፣ ነገም እንዲያስተምረን ነው፣ እዚህ ጋ ጥቅሙ ወደኛም ይዞራል። ወለላ «ቃሉ አይቋረጥብን» ያልሽው ሐሳብ ምርቃቱ ውስጥ አለ፣ ያለው ግን ሦስተኛው ላይ ነው።

ሰንበቴ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ (አሁን ገብቶኝ ነው የምለው)። አንድ ነገር ግን፣ መምህሩ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ነው፣ እኛን ያሰማን እሱ ነው፣ እሱን ደሞ ምን ያሰማዋል? ልጆቹ ይሄን እንደሚጠይቁኝ እርግጠኛ ነኝ።

ባለፊደል፦
አባቶች የሚተረጉሙት በማቴዎስ 25፥34 ነው። በመጨረሻው ቀን ንጉሡ በቀኙ ላሉት «እናንተ የአባቴ ቡሩካን፥ ኑ፤ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ የተዘጋጀላችሁን መንግሥት ውረሱ» ይላቸዋል፣ በግእዙ «ንዑ ኀቤየ ቡሩካኑ ለአቡየ» የሚለው ነው። ቃለ ሕይወት የተባለው ይሄ «ኑ» የሚለው ጥሪ ነው። ቀጥሎ «መንግሥተ ሰማያትን ያውርስልን» የምንለው ከየት መጣ? ከዚያው ጥቅስ፣ «መንግሥት ውረሱ» ከሚለው። አንዱን ጥቅስ ለሁለት ከፍለን ነው የምንመርቀው፣ «ኑ» የሚለውን ያሰማልን፣ «ውረሱ» የሚለውን ይፈጽምልን። እኔ ይሄን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል፣ አንድ ሰዓት ቆሞ ላስተማረ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምን ሊመኙለት ይቻላል?

ከሐዋሳ፦
ሰላም ወገኖች፣ እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ ግን የቋንቋ ነገር ስለምወድ እከታተላችኋለሁ። እኛ ጋ ስብከት ሲያልቅ «ተባረክ»፣ «ጌታ ይባርክህ» ነው የሚባለው፣ ቀጥታ በ«ህ» ነው፣ «ል» የለችበትም። «ቃለ ሕይወት» ሲባል ደሞ ለብዙዎቻችን መጀመሪያ የሚመጣልን የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ እዛ ስሙ ውስጥ ወንጌሉን፣ የሕይወትን ቃል ማለት ነው እንጂ የመጨረሻውን ቀን ጥሪ ማለት አይመስለኝም። 1ኛ ዮሐንስ 1፥1 «ስለ ሕይወት ቃል ከመጀመሪያው የነበረውንና የሰማነውን በዓይኖቻችንም ያየነውን» ይላል። ጴጥሮስም «አንተ የዘላለም ሕይወት ቃል አለህ» ያለው አለ ዮሐንስ 6 ላይ። ጋሼ እነዚህ ካንተ ትርጉም ጋር አይጋጩም?

ባለፊደል፦
ወንድሜ እንኳን መጣህ። አይጋጩም፣ እኛ ጋ ትርጓሜ ራሱ «አንድም» እያለ ነው የሚሄደው፣ አንድምታ የተባለውም ከዚያ ነው፣ አንዱ ፍቺ ሌላውን አያባርርም። አንተ ያመጣኸው ጥቅስ ግን ትልቅ ነገር አስታወሰኝ። በአብነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ ሀ ሁ ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ለይቶ ሲያበቃ መጀመሪያ የሚያነበው ይቺኑ የዮሐንስ መልእክት ምዕራፍ አንድን ነው፣ ፊደለ ሐዋርያ ይሏታል። በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እየተባለ ይደጋግማታል። ጣቱን ወይ ስንደዶውን ፊደሉ ላይ እያስኬደ፣ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው እያዳመጡ፣ አንድ ፊደል ቢስት ሳያዩ ነው የሚያርሙት። ማለትም ልጁ በሕይወቱ መጀመሪያ አንብቦ የሚያውቀው ነገር ስለ ሕይወት ቃል ነው፣ እሷም ገና በመጀመሪያው ቁጥር «የሰማነውን» ትላለች፣ መስማቱን ከማየቱ አስቀድማ። ይሄ ትምህርት ቤት ነው ቃለ ሕይወት ያሰማልንን ያሳደገው። ተማሪው ለየኔታ የሚከፍለው ገንዘብ የለውም፣ ራሱ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ ነው የሚበላው፣ እንጨት ይለቅማል ውሃ ይቀዳል፣ ከዚህ የቀረውን ውለታ ወደ ላይ ማስተላለፍ ነው ያለው። ክፈልልኝ ነው የሚለው።

«ተባረክ» ቆንጆ ነው፣ ምንም አልቃወምም፣ በ«ህ» የሚሄድ ምርቃት እኛም ሞልቶናል። ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» እንላለን፣ መላሹም «ያኑርህ» ይላል። ልዩነቱ ውለታው ላይ ነው። ላስነጠሰ ሰው ዕዳ የለብንም፣ ላስተማረን ግን አለብን፣ «ል» የምትመጣው ዕዳ ሲኖር ነው፣ እኔ የሚታየኝ እንደዚህ ነው።

ወለላ፦
ጋሼ ተሸንፌያለሁ። እኔ የጨመርኩት አንድ ነገር ይኑር፣ ይቺ «ል» እህት አላት፣ «ብ» ። መሰከረልኝ፣ መሰከረብኝ። ፈረደልኝ፣ ፈረደብኝ። ተናገረልኝ፣ ተናገረብኝ። ሰውየው ያው፣ ግሱ ያው፣ የተለወጠችው አንዲት ፊደል ናት። እናቴ ሰፈር ውስጥ የሰው ስም ሲነሳ «ልትናገሪለት ነው ወይስ ልትናገሪበት?» ብላ ታስቆመን ነበር፣ ልጅ ሆነን ያናድደን ነበር፣ አሁን ግን ቢሮ ሻይ ላይ የሰው ወሬ ሲጀመር ጆሮዬ ላይ ይደውላል። ዳዊት «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር» ሲል መቼም አፉን ዘግቶ ሊኖር አይደለም፣ መዝሙር የሚዘምር ሰው ነው፣ እንደኔ እንደኔ የሚለምነው ይቺን «ብ» የሚያቆምለት ዘበኛ ነው።

ከሐዋሳ፦
ወለላ ይሄን እሁድ ለወጣቶቹ እጠቀመዋለሁ፣ ፈቅደሻል ብዬ ነው። ያዕቆብ 3 ላይ አንደበትን ትንሽ ብልት የሚለው ዘንድሮ በአንድ ፊደል ይተረጎማል ማለት ነው።

ባለፊደል፦
ወለላ እናትሽ ሊቅ ናቸው። እኔ ያዕቆብን ካነሳችሁ አይቀር ሦስትን ሳይሆን አንድን ላንሳ፣ «ሰው ሁሉ ለመስማት የፈጠነ ለመናገርም የዘገየ ለቁጣም የዘገየ ይሁን» የሚለውን። ይሄን የማነሳው ዩቲዩብ ላይ የማየው ነገር ስለሚያሳዝነኝ ነው። የአንድ ሰዓት ትምህርት ይለቀቃል፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ኮሜንቱ በ«ቃለ ሕይወት ያሰማልን መምህር» ይጥለቀለቃል። ሰዎቹ ክፋት የላቸውም፣ ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ይሄ ቃል የሰማ ሰው ቃል ነው እኮ። ሰምቼ ዕዳ ገባብኝ የሚል ሰው ነው ክፈልልኝ የሚለው፣ ያልሰማ ሰው ምን ዕዳ አለበት? ልጆቹ ላይ ደግሞ ይሄን ብታስለምጂልኝ ሰንበቴ ደስ ይለኛል፣ ምርቃቱን ከማለታቸው በፊት ከትምህርቱ አንድ የያዙትን ነገር ይናገሩ፣ አንድ ብቻ፣ ከዛ ቃለ ሕይወት ያሰማልን ይበሉ። በአማርኛ «አይሰማም» የሚባለው ልጅ ጆሮው የታመመ ልጅ አይደለም፣ የተባለውን የማያደርግ ነው። በግእዙ ደግሞ ሰማዕት ከዚሁ ከሰምዐ ነው የሚወጣው፣ ስምዕ ምስክርነት ነው፣ የሰማውን ይዞ እስከ ሞት የሄደ ሰው ነው ሰማዕት የተባለው። እንግዲህ መስማት እኛ ጋ ትልቅ ሥራ ነው፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ አይደለም።

ሰንበቴ፦
ይሄን አደርገዋለሁ ጋሼ። አማርኛቸው ባይሞላም አንድ ቃል መያዝ ማንም አያቅተውም። በ«ሳምልኝ» ነው የማስረዳቸው፣ ሁሉም አዲስ አበባ አያት አላቸው፣ በየሳምንቱ ቪዲዮ ኮል ላይ ይሄን ቃል ይሰሙታል።

የመጨረሻ ጥያቄዬ፣ ሰሌዳ ላይ ልጽፍላቸው ነው፣ አንዳንዱ «ቃለ ህይወት» ይላል አንዳንዱ «ሕይወት»፣ «ያሠማልን» ብሎ የጻፈም አይቻለሁ። የቱ ነው ልኩ?

ባለፊደል፦
ሕይወት በሐመሩ ሐ ነው፣ ሀሌታው ሀ አይደለም። ያሰማልን በእሳቱ ሰ ነው፣ ግእዙ ሰምዐ ስለሆነ፣ ንጉሡ ሠ አይገባበትም። በዛሬ አማርኛ ድምፁ አንድ ስለሆነ ሰው ቢቀላቅል አይፈረድበትም፣ ልጆች ሲማሩ ግን ከሥሩ ቢይዙት ኋላ ግእዝ ሲጀምሩ አይቸገሩም። «ቃለ» ደሞ መጨረሻዋ ላይ ግእዝ (የመጀመሪያው የፊደል ድምፅ) ሆና «ለ» ያለችው የሕይወት ቃል ለማለት ነው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን፣ እንደ ቃለ ጉባኤ፣ ስለዚህ ሁለት ቃል አድርገሽ ለያይተሽ ጻፊው፣ «ቃለሕይወት» ብለሽ አታጣብቂው።