ታመው ሥራ የሚገቡትን እንዴት ልለካ?

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል እሠራለሁ። የሠራተኞች ሕመም ምን ያህል ምርት እንደሚያሳጣን ለክቼ እንዳቀርብ ታዝዤ መሀል መንገድ ላይ ቆሜያለሁ።

የቀሩበትን ቀን መቁጠር አይከብድም፤ የሐኪም ወረቀቱ ፋይል ውስጥ አለ። የጨነቀኝ ታመው የሚመጡት ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የሕመም ወር ሙሉ ደመወዝ ቢፈቅድም፣ ላለመቅረት የሚሰጠው ወርሃዊ ጉርሻ እንዳያመልጣቸው ይመጣሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ወገቧን በነጠላ ጥፍር አድርጋ አስራ እጅጌ ስትገጥም አየሁ። ከፊቷ ያልተሰፋው ተቆልሏል፤ ከእሷ ቀጥላ ያለችው ደግሞ እጇን አጣምራ ትጠብቃለች።

ሕመም ሥራን ምን ያህል እንዳወከ ስላለፉት 7 ቀናት የሚጠይቀውን፣ ደብሊው ፒ ኤ አይ (WPAI) የሚባለውን ባለ 6 ጥያቄ መጠይቅ ተርጉሜ ሞከርሁ። ስሌቱ ገብቶኛል፦ ከ48 ሰዓት 12ቱን በሕመም የቀረች፣ በሠራችበት ጊዜ ደግሞ ሕመሙ ከ10 በ4 ያወካት ሠራተኛ ኪሳራዋ 55 በመቶ ነው። ግን ከ0 እስከ 10 ምረጡ ሲባሉ ሁሉም ማለት ይቻላል 0 ላይ ያከብባሉ። እንባረራለን ብለው ይፈራሉ፤ አልፈርድባቸውም።

ስም ሳይጻፍበት የተሞላ መጠይቅን ከመስመሩ የየሰዓት ምርት ጋር ያገናኘ አለ? የአንዷን መዘግየት ከጠቅላላው የመስመር መዘግየት በምን ለያችሁት? ቁጥሩ ለቅጣት ሳይሆን ወንበሩን ለማስቀየር እንዲያገለግል ነው የምፈልገው። ሪፖርቱን በወሩ መጨረሻ አስረክባለሁና እባካችሁ የሞከራችሁትን ንገሩኝ።