ነፋ ያለ እጅጌ ላለው የድሮ ፋሽን ሸሚዝ የቱን ፓተርን (የልብስ መቁረጫ ወረቀት) ትመክሩኛላችሁ?

ጠያቂ፦ እጅጌው ነፋ ብሎ አንጓው ላይ የሚሰበሰብ፣ የ1940ዎቹን (እ.ኤ.አ.) የሚመስል ሸሚዝ ልሰፋ ነው። የዘመኑን ኦሪጅናል ፓተርን ልግዛ ወይስ ያለኝን ቀጥ ያለ እጅጌ ላስፋው? ደረቴ 92 ሴንቲ ነው።

ክርና መርፌ፦ ኦሪጅናል ከገዛሽ ቁጥሩን ትተሽ የደረት ልኩን እዪ። ያንቺ 92 ሴንቲ፣ ማለትም 36 ኢንች፣ በ1940ዎቹ ፓተርን 18 ቁጥር ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ 16፣ ከ1968ቱ የልኬት ለውጥ ወዲህ ደግሞ 14። ፖስታው ውስጥ ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ማስፋትና ማጥበቡ ያንቺ ሥራ ነው። ወረቀቱ ቶሎ ይቀደዳል፤ መጀመሪያ ሌላ ወረቀት ላይ ገልብጪው።

ሰማያዊ ክር፦ የድሮ ፓተርን ስካን አድርገው ፋይሉን ከሚሸጡ ተጠንቀቂ! የገዛሁት ፋይል ላይ 5 ሴንቲ መሆን ያለበት መለኪያ ካሬ 4.7 ሆኖ ወጣ። ደረቱ ላይ ወደ 6 ሴንቲ ይበላል። ገንዘቤም አልተመለሰም።

ጥቁር ቁልፍ፦ ፕሪንተሩ ከገጹ ጋር እንዲያስማማ ተደርጎ ከሆነ ያሳንሰዋል። 100 ፐርሰንት አድርገሽ ካሬው ያለበትን ገጽ ብቻ አትመሽ ለኪ።

ሰማያዊ ክር፦ 100 ፐርሰንት ነበር። ስካኑ ራሱ ነው የተበላሸው።

ኮሌታ፦ ምን አስጨነቃችሁ፣ የበርዳ መጽሔትን ፓተርን ውሰዱ። የብብት አቆራረጡን የሚያህል የለም።

ክርና መርፌ፦ የበርዳ መጽሔት ፓተርን የስፌት ትርፍ የለውም። የሲምፕሊሲቲና የበተሪክ ኩባንያ ፓተርኖች 1.5 ሴንቲ ይዘው ይመጣሉ። ይህን ሳያውቅ የቆረጠ ሸሚዙ ይጠበዋል።

ኮሌታ፦ ትርፍ የሌለው ለማስተካከል ይመቻል። እኔ በርዳን በሌላ አልለውጥም።

ቀጭን መርፌ፦ ጥያቄዋን ያነበበ አለ? እጅጌ ስለማስፋትም ጠይቃለች እኮ።
እህቴ፣ ያለሽን የእጅጌ ፓተርን ሌላ ወረቀት ላይ ገልብጪና ከአንጓው እስከ አናቱ (ትከሻ ላይ እስከሚገጥመው ጫፍ) 5 መስመር አስምሪ። ከታች ወደ ላይ ቁረጪ፤ አናቱ ላይ 2 ሚሊ ሳይቆረጥ ይቅር። ታችኛውን ጫፍ በየመስመሩ 4 ሴንቲ ክፈቺው፣ በድምሩ 20 ይጨምራል። አናቱ ስላልተነካ ብብቱ ላይ እንደበፊቱ ይገጥማል። ከርዝመቱ የአንጓ ማሰሪያውን ስፋት ቀንሺና ለመንፋት 4 ሴንቲ መልሺበት። በክርን በኩል ጫፉን ሌላ 2 ሴንቲ ዝቅ አድርጊ፤ ካልሆነ ክንድ ሲታጠፍ ይጎትታል። መክፈቻው በትንሿ ጣት በኩል 8 ሴንቲ ይሁን። ማሰሪያው የአንጓሽ ዙሪያ፣ 3 ሴንቲ እንዲላላ፣ 2 ሴንቲ ለቁልፍ መደራረቢያ፣ ከዚያ የስፌት ትርፍ። ለሽብሽቡ በ4 ሚሊ ስፌት ሁለት ረድፍ ስፊ፤ አንድ ረድፍ ብቻ ከሆነ እጥፋቱ ይዛባል። መጀመሪያ አንዱን እጅጌ በአቡጀዲ ሞክሪው።

ጥቁር ቁልፍ፦ ፖፕሊን ቆሞ ይነፋል፣ ሺፎን ይወርዳል። ለ1940ዎቹ መልክ ክሬፕ ይሻላል።

ጠያቂ፦ ትከሻውም እንዲነፋ ብፈልግስ?

ቀጭን መርፌ፦ ያኔ አናቱንም ከፍተሽ 3 ሴንቲ ወደ ላይ ጨምሪ። የሸሚዙን ትከሻ 1 ሴንቲ አጥብቢ፤ ካልጠበበ ሽብሽቡ ወደ ክንድ ይወድቃል። ጨርቁ ስስ ከሆነ ከውስጥ በኦርጋንዛ (ስስ ግን ደረቅ ጨርቅ) ቁራጭ ደግፊው።

ሰማያዊ ክር፦ ስካን ግን እንዳትገዢ።